ሜዳ አልባው ቡድናችንና እኛ

ብሔራዊ ቡድናችን በሚጫወትበት ቀን በእቴቴ ቡና ቤት ዳስ ሥር አርባ ያህል ሰው ይሰበሰብ ነበር። በርጩማ ያላገኘ ጄሪካኑን አጋድሞ ይቀመጣል፤ ጄሪካን ያጣ ደግሞ ቆሞ ያያል። ባለፈው ጨዋታ ግን ብንቆጠር ዘጠኝ ብቻ ሆንን። ከዘጠኙም ሁለቱ የመጡት ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ነበር። እቴቴ ጀበናዋን ከከሰሉ እያነሣች፣ «ምነው ዛሬ? ሰው ሞቷል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ማናችንም አልመለስንላትም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው ያን ዕለት መልስ ስላጣንላት ነው።

ውድ አንባብያን፣ እኛ ማለት ከልዩ ልዩ ዘመንና ከልዩ ልዩ በር የወጣን፣ ካኩማ ላይ የተገናኘን የኳስ ወዳጆች ነን። አንዱ በ1984 ዓ.ም. የመጣ ነው፤ ሌላው ትናንት። በፖለቲካ ብንነጋገር ቡናው ሳይፈላ እንጣላለን። በኳስ ግን ለብዙ ዓመት አንድ ሆነን ኖረናል። ስለዚህ በዚያ ዳስ ሥር ያለው በርጩማ ባዶ ሲሆን የጎደለው የኳስ ተመልካች ብቻ አይደለም። እርስ በርስ ሳንፈራራ የምንቀመጥበት አንዱ ስፍራ መጉደሉ ነው።

ፍቅራችን ከየት እንደ መጣ እናስታውስ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ጋሼ የምንላቸው አባት፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪቃን ዋንጫ ስትወስድ በአዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። «በበር ነው የገባሁት» ይላሉ፤ እኛ ግን በአጥር እንደ ዘለሉ እናውቃለን። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች፤ የኛዎቹ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ሆነ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ ያ አምበል በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በኢጣልያ አረፈ። «ዋንጫውን ያነሣው ሰው እንደኛ ስደተኛ ነበር» ብለው ዝም ይላሉ።

ከእኛ ወጣት የሆንነው ደግሞ በካታንጋና በሚስማር ተራ ያደግን ነን። ጥላ ፎቅ የባለ ገንዘብ ነበር፤ ለእኛ ፀሐዩም ዝናቡም አይከፋንም። ቆሎ በኪስ ይዘን ከጠዋት እንሰለፋለን፤ ማታ ድምፃችን ተዘግቶ እንገባለን። ስታዲየም ያልደረሰው በራዲዮ ይከታተላል። በ1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪቃን ዋንጫ ስንወስድ፣ ደምሴ ዳምጤ በራዲዮ ያሰማውን ድምፅ ያልሰማ ሰው በእኛ ዕድሜ ካለ ወይ ደንቆሮ ነው፣ ወይ ተኝቶ ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል የወደደ ሰው በምን ይቀዘቅዛል? ብዙ ሰው «በመሸነፍ ነው» ይላል። እኛ አይደለም እንላለን። ሽንፈትንማ ለምደነዋል። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለአፍሪቃ ዋንጫ ሳንበቃ 31 ዓመት ስንቆይ ማን ጥሎ ሄደ? ሜዳ ላይ የተሸነፈ ልጅ ላቡን እናያለን፤ እናዝንለታለን፤ በሚመጣው እሑድ እንደገና እንሄዳለን። ደጋፊን የሚገድለው ቢሮ ውስጥ መሸነፍ ነው።

ሦስት ነገር ብቻ እንቁጠር።

የመጀመሪያው በ2000 ዓ.ም. የሆነው ነው። አገሩ ሁሉ ሚሌኒየም ብሎ ሲዘፍን ከርሞ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በሐምሌ ወር ፊፋ ኢትዮጵያን ከውድድር አገደ። ምክንያቱ የፌዴሬሽኑ ወንበር ነበር፤ ሁለት ወገን ሕጋዊው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያለ ሲከራከር ቀነ ገደቡ አለፈ። ለዓለም ዋንጫው ማጣሪያ የተጫወትናቸው ጨዋታዎች ውጤትም ተሰረዘ። ሞሪታንያን በአገር ቤትም በውጪም አሸንፈን ነበር። የገባው ጎል፣ የጮህነው ጩኸት፣ ሁሉም እንዳልነበረ ሆነ።

ሁለተኛው በ2005 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪቃ ዋንጫ ስናልፍ በዚህ ካምፕ ያለቀሰው ወንድ ብዛቱ አይነገርም። በሰኔ ደግሞ ደቡብ አፍሪቃን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ወደ ዓለም ዋንጫ የሚወስደው መንገድ የተከፈተ መሰለን። እቴቴ ለሁሉም ቡና በነፃ አጠጣች። በዚያው ዕለት ፊፋ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። ለካስ በቦትስዋና ሜዳ በተደረገው ጨዋታ ላይ ሁለት ቢጫ ካርድ ያየና በቅጣት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ገብቶ ኖሯል። ሦስቱ ነጥብ ተቀነሰ። ኃላፊዎቹም ስሕተቱ የእኛ ነው ብለው አመኑ። እርግጥ ልጆቹ ያን ተሸክመው ምድባቸውን በአንደኛነት ጨርሰዋል፤ በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ ናት ያስቀረችን። እኛ ግን ካላባር ላይ የተሸነፍነውን ረስተነዋል፤ ያቺን ካርድ አልረሳናትም። ሁለት መስመር የሚጽፍና የጻፈውን መልሶ የሚያነብ አንድ ሰው ጠፋ ማለት ነውና።

ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ ነው። የአዲስ አበባው ስታዲየም ደረጃ አያሟላም ተባለ። ወደ ባሕር ዳር ሄድን፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ እሱም ተከለከለ። ስሙ የሚያምረው የአደይ አበባ ስታዲየም ያን ጊዜ አላለቀም ነበር። ስለዚህ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር «በሜዳችን» የተጫወትነው ደቡብ አፍሪቃ ውስጥ ነው። በሰኔ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ማፑቶ፣ ዳሬሰላም፣ ኪንሻሳ እየተባለ ተዞረ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪቃን እግር ኳስ ማኅበር ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ያንኑ ማኅበር ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ መርተዋል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

አገር ቤት ያለው ደጋፊም ቢሆን የተሻለ ነገር አላገኘም። በ2010 ዓ.ም. ዳኛ በሜዳ ላይ ተደብድቦ ሊጉ ለጊዜው እስከ መቆም ደርሶ ነበር። ቀጥሎም ክለቦች ወደ እገሌ ከተማ አንሄድም መባባል ጀመሩ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ሲጫወቱ ጊዜው ያልፍ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይሻገሩ ነበር። ጨዋታው በቴሌቪዥን ሊታይ በቅቷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የከተማውን ቡድን በቆመበት ሜዳ ለማየት የለመደው ሰው ቡድኑን በሩቁ የሚያይ ሆነ። እኛ ከአገር ርቀን ነው፤ እሱ አገሩ ተቀምጦ ነው።

ግብጽን ያሸነፍን ዕለት በዚህ ካምፕ የተወለደ የአሥር ዓመት ልጅ አብሮን ነበር። ስንጨፍር አብሮ ጨፈረ። ሲደክመን ቁጭ ብሎ ጠየቀን፤ «ሜዳቸው ማላዊ ነው?» አለ። አይደለም፣ ሜዳቸው አዲስ አበባ ነው፣ አሁን ግን እዚያ መጫወት አይችሉም አልነው። ጥቂት አሰበና፣ «እነሱም የራሽን ካርድ አላቸው?» አለ። ሳቅን። ማታ ግን በየድንኳናችን የሳቀ አልነበረም። ለዚህ ልጅ አገሩ ማለት ያ ቡድን ብቻ ነው፤ ሌላ ያየው ነገር የለም። አሁን እሱንም እንደኛ ከሰው ሜዳ የሚለምን አድርጎ አወቀው።

ከዚያ በኋላ ነው በርጩማው እየጎደለ የመጣው። ወጣቶቹ ወደ ሌላው ዳስ ሄዱ፤ እዚያ የእንግሊዝ ሊግ ይታያል። አንዱን ጠርተን ብንወቅሰው እንዲህ ሲል መለሰ፤ «ጋሼ፣ አርሰናል ቢሸነፍ ተናድጄ እተኛለሁ። የኛዎቹ ሲሆን ግን የምናደደው በማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ቢሮ ነው። እንቅልፍ ይነሣኛል።» ልንቆጣው አፋችንን ከፈትን፤ የምንለው ጠፋ። እውነቱን ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ጽሑፋችን እንደ ብዙዎቹ እሮሮ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን በቀደመው ዘመን ሂስ ከተባለ ግለ ሂስ ይከተል ነበርና፣ እኛም የራሳችንን እንናገር።

ባለፈው ዓመት በካምፑ ቀጠናዎች መካከል ውድድር ተደርጎ ዋንጫውን የወሰደው የእኛ ቡድን መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ዋንጫው አሁንም በእቴቴ ቡና ቤት፣ ከስኒው መደርደሪያ በላይ ተቀምጧል። ያልተነገረው ይህ ነው። ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ጎበዙ አጥቂያችን ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። ሁለቱንም በመዝገባችን ላይ የጻፍነው እኛው ነን። ውድድሩ ሲጀመር በተስማማንበት ደንብ መሠረት ማረፍ ነበረበት። አስገባነው። ሁለት ጎል አገባ። ከደረቁ ወንዝ ማዶ ያሉት ልጆች ተሸንፈው ወጡ።

በማግሥቱ አሠልጣኛቸው መጣ። መምህር ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። ሳይጮህ፣ ቆቡን አውልቆ፣ «ወንድሞቼ፣ መዝገባችሁን ብናየው?» አለ። እኛም መዝገቡን ዝናብ መታው አልነው። በካኩማ ዝናብ ስንት ጊዜ እንደሚዘንብ አንባቢ ያውቃል። እሱም ያውቃል። አመስግኖ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከወንዙ ማዶ አንድም ሰው በእቴቴ ቡና ቤት ቡና ጠጥቶ አያውቅም። መዝገቡ ያን ጊዜ የተቀመጠበት የስኳር ሣጥን አሁንም ያው ቦታ አለ፤ መዝገቡም በውስጡ አለ፤ ደረቅ ነው።

ያን ዕለት ለራሳችን የሰጠነው ምክንያት ብዙ ነበር። ልጁ በዚያ ጨዋታ ደስ ይበለው፣ እናቱ ታማ ነበር አልን። ውድድሩ ትንሽ ነው፣ ማን ይጠይቃል አልን። እነሱም ቢሆኑ ያደርጉት ነበር አልን። አሁን ስናስበው፣ በ2005 ዓ.ም. ያን ተጫዋች ያስገቡት ሰዎች ዘነጋን ብለዋል፤ እኛ ግን መዝገቡን አንብበን ነው ያስገባነው። አሥር ዓመት ሙሉ በቡና ላይ ስንረግም የኖርነውን ሥራ በራሳችን እጅ ሠራነው። ሰዎቹን ከእኛ የሚለያቸው የወንበራቸው ትልቅነት ብቻ ኖሯል።

ጋሼን ምክር ብንጠይቃቸው ረጅም ነገር አልተናገሩም። «እኔ በአጥር ዘልዬ ገብቻለሁ፤ እስከ ዛሬ በበር ነው የገባሁት እያልኩ አለሁ። ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ አሁንም ያፍረኛል» አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አመኑ። እኛም ከዚያ በኋላ ለመጨቃጨቅ አቅም አጣን።

የአዲስ አበባውን ቢሮ ከዚህ ሆነን ማስተካከል አንችልም። ደብዳቤ ብንጽፍ የሚያነበው የለም፤ ከዚህ ካምፕ ስንት ደብዳቤ ተጽፎ ስንቱ እንደ ተመለሰ እናውቃለን። የራሳችንን አንድ ደብተር ግን በእጃችን ይዘናል። ያ ልጅ ስለ አገሩ ቡድን የጠየቀውን ለመመለስ አቅም ባይኖረንም፣ ስለ ሰፈሩ ቡድን ቢጠይቀን እንዳንዋሸው እንችላለን። ደጋፊነትም ቢሆን የሚጸናው እንዲህ ይመስለናል። ሰው የሚወደው ነገር በቅን ሲመራ አንድ ቦታ እንኳ ካላየ፣ በሌላው ቦታ ለምን እንደሚናደድ ይረሳል፤ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሌላው ዳስ ይሄዳል።

ስለዚህ ተሰብስበን የወሰንነውን ለካምፑ ነዋሪዎች ሁሉ እናስታውቃለን። ዋንጫውን እንመልሳለን። መዝገቡ ከስኳሩ ሣጥን ወጥቶ በእቴቴ በር ላይ በምስማር ይንጠለጠላል፤ ማንበብ የፈለገ ሁሉ ያነበዋል፤ የቀጠናው ልጆች ካርድ ባዩ ቁጥር በዚያው ቀን ይጻፍበታል። አጥቂያችን ነገሩን ሰምቷል፤ ዋንጫውን ተሸክሞ የሚሄደው እኔ ነኝ ብሏል። ብሔራዊ ቡድናችን በሚቀጥለው ጊዜ በየትም አገር ሜዳ ቢጫወት፣ ዘጠኝ ብንሆንም ዘጠኝ ሆነን እንሰበሰባለን።

እቴቴም ለጠየቀችን መልስ አለን። ሰው አልሞተም፤ አኩርፎ ነው።

ርክክቡ በመጪው እሑድ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በደረቁ ወንዝ ዳር ነው። የወንዙ ማዶ ወንድሞቻችን፣ ከዚያ በኋላ ቡናው በእኛ ነው።