ዶሮቴያ እሺ ባትል ኖሮ

የስዊዘርላንድ ጠባቂ ቅዱስ ኒኮላስ ፎን ፍሉኤ ቤቱን ጥሎ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1467 ነው። ዕድሜው 50፣ ልጆቹ 10፤ አምስት ወንድ፣ አምስት ሴት። በኦብቫልደን የተከበረ ገበሬ ነበር፤ ዘምቷል፣ በሸንጎ ተቀምጧል፣ ዳኛ ሆኖ ፈርዷል። ልቡ ግን ከዓለም ከወጣ ቆይቷል፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ይጸልይ ነበር። ያም ሆኖ ሚስቱ ዶሮቴያ ቪስ ሳትፈቅድለት አልመነነም። እሺ እስክትለው ጠበቀ።

ይህችን እሺታ ሰው ቶሎ ያልፋታል። ገድሉን የሚተርክ ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ጾሙ ነው።

ሐሳቡ አገር ለቆ ወደ አልዛስ መሄድ ነበር። ባዝል አጠገብ፣ ሊስታል ሲደርስ ግን አንድ ገበሬ «ወደ አገርህ ተመለስና እዚያው እግዚአብሔርን አገልግል» ብሎ መከረው። በዚያች ሌሊት ከሰማይ የወረደ ብርሃን ሆዱን እንደ ቢላ ወጋው፤ ከዚያ ወዲያ ረኃብ የሚባል አላወቀም ይላል ትውፊቱ። ተመልሶ ራንፍት በተባለው ሸለቆ ገባ። የአገሩ ሰዎች በ1468 ትንሽ ጸሎት ቤትና በዓት ሠሩለት። ከበዓቱ ወደ መንበረ ታቦቱ የምታሳይ መስኮት አለች። በዚያ ከቅዱስ ቁርባን በቀር ምንም ሳይቀምስ 20 ዓመት ያህል ኖረ ይባላል። ሹማምንቱ እህል በስውር የሚያቀብለው እንዳይኖር ሸለቆውን አስጠበቁ። የኮንስታንዝ ረዳት ጳጳስም መጥተው፣ ታዛዥነቱን ሊፈትኑ እንጀራ ብላ አሉት፤ በጭንቅ ዋጠ።

እኔን ከጾሙ ይልቅ የያዘኝ ርቀቱ ነው። ከራንፍት እስከ ቤቱ ዳገቱን ለወጣ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ባሏ ሩቅ አገር ቢሄድ ኖሮ ዶሮቴያ እንደ ሙት አልቅሳ ትቆርጥ ነበር። እሷ ግን ባሏ ከቤቷ ሥር እያለ ያለ ባል ኖረች።

በ1474 ሃንስ ፎን ቫልድሃይም የተባለ የሃለ ከተማ ሰው ባሕታዊውን ሊያይ መጥቶ እሷንም አገኛት። ገና ወጣት፣ ፊቷ ያልተጨማደደ ቆንጆ ሴት እንደነበረች ጽፏል። ባልሽ ከተለየሽ ስንት ጊዜ ሆነው? ብሎ ሲጠይቃት አጠገቧ የቆመውን ልጅ አሳየችው። በመጪው የቅዱስ ዮሐንስ ቀን ሰባት ዓመት ይሞላዋል፤ አባቱ ሲወጣ የ13 ሳምንት ሕፃን ነበር አለችው። ዘመኑን የምትቆጥረው በልጇ ዕድሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስዊዞች በቃላቸው ያውቁታል። በ1481 የገጠርና የከተማ ካንቶኖች ሽታንስ ላይ ተጣልተው ኅብረቱ ሊፈርስ ሲል፣ የሽታንስ ካህን በሌሊት ወደ ራንፍት ገሠገሠ። የባሕታዊውን ምክር ይዞ ሲመለስ ጉባኤው ዲሴምበር 22 ቀን ታረቀ፤ ፍሪቡርግና ዞሎቱርንም ወደ ኅብረቱ ገቡ። በሜይ 1940 የጀርመን ጦር ይገባል ተብሎ ሲፈራ፣ የቫልደንቡርግ ሰዎች ሰማይ ላይ የተዘረጋ እጅ አየን፣ የወንድም ክላውስ፣ የኒኮላስ፣ እጅ ነው አሉ።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1947 ቅድስናውን አውጀዋል፤ ይገባዋል። ነገር ግን እርሻው አልጾመም፣ ላሞቹ አልመነኑም፣ ልጆቹም በየማለዳው ይርባቸው ነበር። ያን ሁሉ ዶሮቴያ ከትልልቆቹ ልጆቿ ጋር ያዘችው። የመጨረሻው ልጅ አድጎ፣ ባዝልና ፓሪስ ተምሮ፣ የአገሩ የዛክሰልን ደብር ካህን ሆነ።