ነጭ ሁሉ ወተት አይደለም

ወተት በቤታችን ክብር ያለው መጠጥ ነው። ቅዱስ ቁርኣንም በአን-ነሕል ምዕራፍ (16፡66) ከአላህ ጸጋዎች አንዱ አድርጎ ያወሳዋል። በመሆኑም ሐኪም «ለጊዜው ወተት ይቅርባት» ሲል ቤተሰብ ቢደነግጥ አያስገርምም።

ከእኛ ጋር የምትኖረው የስምንት ዓመት የእህቴ ልጅ ሲሊያክ የተባለ ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ፣ ይህ ጉዳይ የቤታችን የዘወትር መነጋገሪያ ሆኗል። ሕመሙ ያለበት ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲመገብ ትንሹ አንጀቱ ይጎዳል፤ ስለዚህ ግሉተንን ዕድሜውን በሙሉ መተው አለበት። በንጹሕ ወተት ውስጥ ግሉተን የለም። ነገር ግን የተጎዳ አንጀት ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር መፍጨት ስለሚያቅተው፣ እስኪያገግም ድረስ ወተት ሊያስቸግረው ይችላል።

ታዲያ በምን እንተካው? ውድ አንባቢያን፣ ገበያ ላይ «ወተት» የሚል ስም ያለው ነጭ መጠጥ ሁሉ አንድ አይደለም። አጃ በማሳም በወፍጮም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል፣ «ከግሉተን ነፃ» ካልተባለ አንገዛውም። በአኩሪ አተር ወተት ውስጥም ለጣዕም የገብስ ብቅል ሊገባ ይችላል። የምግብን ሐላልነት ለማረጋገጥ የካርቶኑን ጀርባ ማንበብ ለለመደ ቤተሰብ፣ ያው ልማድ እዚህም ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የምግብ ይዘቱ ነው። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። የአኩሪ አተር ወተት በፕሮቲን ይቀርበዋል፤ የሩዝና የአልመንድ ወተት ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ግራም እምብዛም አያልፍም። ካልሲየሙ በፋብሪካ ካልተጨመረ በሁሉም አነስተኛ ነው፤ የተጨመረውም ስለሚዘቅጥ ካርቶኑን መነቅነቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለምታድግ ልጅ የመረጥነው ስኳር የሌለበትንና ካልሲየም የተጨመረበትን የአኩሪ አተር ወተት ነው። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ግን ከእነዚህ አንዱም የእናት ጡትን ወይም የሕፃናት ወተትን አይተካም።

በቤት ውስጥ የሚያዘጋጁም አሉ። አኩሪ አተሩ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶና ተጠልሎ በሚገባ መፍላት አለበት፤ ጥሬው ለሆድ ይከብዳል። መፍጫውም ስንዴ ያልነካው ይሁን። ዋጋው ይቀንሳል፤ ሆኖም የተጨመረ ካልሲየም ስለሌለው ከሌላ ምግብ መፈለግ ግድ ነው።

ወደ ማብሰሉ ስንመጣ፣ የአኩሪ አተር ወተት በጣም ትኩስ ሻይ ላይ ሲፈስ ሊቆራረጥ ይችላል። ሻዩን ጥቂት አብርዶ፣ ወተቱን ሞቅ አድርጎ ቀስ በቀስ መጨመር ይበጃል። ለሾርባና ለሩዝ በወተትም ይስማማል። የሩዝ ወተት ቀጭንና ጣፋጭ ስለሆነ ለሾርባ አይሆንም። የኮኮናት ወተት ሩዙን ያወፍራል፤ ጣዕሙ ግን ይጎላል።

በረመዳን ማዕድ ላይ ሳምቡሳው ከስንዴ፣ ሾርባውም ብዙ ጊዜ ከአጃ ነው። እኛ ሾርባውን በሩዝና በአኩሪ አተር ወተት ለሁላችንም በአንድ ድስት እንሠራለን። ለአንዲት ልጅ ብቻ ለየት ያለ ሳህን ማቅረብ ሕመሟን በየምሽቱ ማስታወስ ነውና። አንጀቷ ሲያገግም ወተቱ በሐኪም ምክር ሊመለስ ይችላል፤ ግሉተን ግን አይመለስም። እስከዚያው የምንመርጠው መጠጥ ለጤናዋ የሚበጅ፣ ከማዕዱም የማይለያት ይሁን። አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን።