ሞተሯ ያልተነካ ዲኤክስ

ብርዱ ሲበረታ አባቴ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ይነሣ ነበር። ጋቢውን እንደ ደረበ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ኮፈኗ ላይ ያደረውን አሮጌ ብርድ ልብስ ያነሣል፤ አጥፎ ደረጃው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ይገባና አሪያውን ሳብ፣ ቁልፉን ጠምዘዝ ያደርጋል። ሞተሪኖዋ ሁለቴ አጉረምርማ ዝም ትላለች፤ በሦስተኛው ትነሣለች። እኛ ልጆቹ አልጋ ውስጥ ሆነን ያችን ሦስተኛዋን እንጠብቅ ነበር። እሷ ከተነሣች ትምህርት ቤት አይረፍድብንም። ያልተነሣችበት ጠዋት እንደ ነበረ ለማስታወስ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አንድም አልመጣልኝም።

ዲኤክስ የምንላት የቶዮታ ኮሮላ አራተኛ ትውልድ ነች። ጃፓኖች ገበያ ላይ ያወጧት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስሟን ያገኘችው ከኋላዋ ከተለጠፉት ሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ ፋብሪካው «ዴሉክስ» ለማለት የለጠፈውን የደረጃ ምልክት የእኛ ሰው የመኪናዋ መጠሪያ አደረገው። በልጅነቴ ኮሮላ ብሎ የጠራት ሰው ሰምቼ አላውቅም። አባቴ በ1978 ዓ.ም. ከሰው እጅ ገዛት፤ ያጠራቀመውን አሟጦ፣ የጎደለውን ከወዳጆቹ ተበድሮ። እናቴ ቤቱ ሳይታደስ መኪና መገዛቱ ከንክኗት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ከማንም በላይ የምትሟገትላት እሷ ሆነች።

ኮፈኗ ሲከፈት ውስጧ ባዶ ቦታ የበዛበት ነው። ሞተሯ 1290 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፤ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት ስለሆነ ቺንጋ መንገድ ላይ ተበጥሶ ጉድ ይሠራኛል የሚል ስጋት የለም። ካርቡራቶሩ ከላይ ነው፤ ካንዴላዎቹ በተርታ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተደርድረዋል። ጎንበስ ብሎ ላየ በሞተሩና በላሜራው መካከል መሬቱ ይታያል። ካንዴላ አውልቄ በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ የተማርኩት በአሥር ዓመቴ ነው፤ አባቴ አጠገቤ ቆሞ፣ «ቀስ፣ አታጥብቀው፤ አሉሚኒየም ነው» እያለኝ።

ጊዜው ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳበት ጊዜ ነበር። መኪና እንዳሁኑ ተመርጦ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም፤ ያለው ያለውን አሥርና ሃያ ዓመት ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ዲኤክሳችን የእኛ ብቻ አልነበረችም። በሰፈሩ ስንት ሙሽራ ተሸክማለች፤ ምጥ የያዛት ጎረቤት በሌሊት ሆስፒታል አድርሳለች፤ ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ዘመድ ለመጥራት ከጫፍ ጫፍ ትዞር ነበር። ሌሊት በራችን ሲንኳኳ አባቴ «ማነው?» ከማለቱ በፊት ቁልፉን ይይዝ ነበር።

ከመኪናዋ ጋር አንድ ላይ የማስታውሳቸው መካኒካችንን ነው። እኛ ልጆቹ ጋሼ እንላቸው ነበር። ሶማሌ ተራ አካባቢ ባለ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሮ እንደ ቆዳ የሚያብረቀርቅ ግቢ። መኪናዋ ስትገባ ምን ሆነች ብለው አይጠይቁም። «ያስነሡልኝ» ይሉታል አባቴን። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሡና ጫፉን ሞተሩ ላይ ያስደግፋሉ፤ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ልክ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። ቦታ ይቀይራሉ፤ እንደገና ያዳምጣሉ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ፊታቸውን አያለሁ። ሲጨርሱ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠርገው፣ «ሦስተኛው ቫልቭ ነው፤ ትንሽ ላልቷል። ሌላው ጤነኛ ነው» ይላሉ። ክዳኑ ሲፈታ ሦስተኛው ቫልቭ ላልቶ ይገኛል።

አንድ ጊዜ አባቴ ገንዘብ አጥሮት፣ የሚቀየረውን ዕቃ የታይዋኑን አድርገው እንዲያስገቡለት ጠየቃቸው። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ኦሪጅናሉን ላስገባልዎ፤ ገንዘቡን ሲያገኙ ይሰጡኛል። ይቺን መኪና አላበላሽም» አሉት። አባቴ ያንን ዕዳ በሁለት ወር ከፈለ። ንግግራቸውን ግን ዕድሜውን ሁሉ ሲያወራው ኖረ።

ፋሲካን አያቴ ዘንድ ደብረ ሲና እንውል ነበር። ከደብረ ብርሃን በላይ ብርዱ ይጀምራል፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ይወርድና ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ መብራት አብርተን እናልፋለን። አንድ ዓመት ከዋሻው ሳንደርስ ሞተሯ መቆራረጥ ጀመረች። የቀዳነው ቤንዚን ቆሻሻ ነበረበት። አባቴ ዳር ይዞ ቆመ፤ ኮፈኑን አነሣ፤ ካርቡራቶሩን ፈታና ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አቀናት። ከመርፌ ቀዳዳ ብዙ አትሰፋም። አፉ ላይ አድርጎ እፍ አላት፤ እንደገና አያት፤ ለእኔም አሳየኝ። በቀዳዳዋ ውስጥ ሰማዩ ይታይ ነበር። መልሶ ሲገጥማት ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ማታ ዶሮው ሳይበርድ ደብረ ሲና ደረስን።

የቶዮታ ስም በእኛ አገር የተገነባው እንዲህ ባለው ጠዋት፣ እንዲህ ባለው ጋራዥና እንዲህ ባለው ዳገት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ማስታወቂያ አይቶ አይደለም ያመነው። ደላላው «ሞተሯ ያልተነካ ነው» ሲል ገዢው የሚጠይቀው ሌላ ነገር አልነበረም። ላንድክሩዘሩ ገጠር፣ ሃይሉክሱ ግብርና፣ ሃይኤሱ ታክሲ ላይ፣ ዲኤክሷ በየቤቱ፤ ሁሉም ለአንድ ስም ይሠሩ ነበር። በዚያ ስም ውስጥ ግን የጋሼ ካቻቢቴና የአባቴ ብርድ ልብስ ድርሻ አላቸው። ያንን ድርሻ ቶዮታ ሲከፍል አላየሁም፤ እነሱም አልጠየቁም።

በየካቲት 2002 ዓ.ም. አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ያዳመጠበትን ምሽት አልረሳውም። ቶዮታ በእግር ምንጣፍና በሚጣበቅ የነዳጅ ፔዳል ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪና ለጥገና ጠርቶ ነበር። የኩባንያው መሪ አኪዮ ቶዮዳ፣ የመሥራቹ የልጅ ልጅ፣ አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ስሙ በእያንዳንዱ መኪና ላይ መሆኑን አስታወሰ፤ ኩባንያው ያደገበት ፍጥነት ከሚገባው በላይ ሳይሆን እንዳልቀረም ተናገረ። አባቴ ሬዲዮኑን አጠፋ። «ሰውዬው እውነቱን ተናግሯል» አለና ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ «ግን ለምን ቸኮሉ?» አለ።

ጥያቄው እስካሁን አብሮኝ አለ። የዚያ ፋብሪካ ክብር ከሌላው የሚለየው መቆም በመቻሉ ነበር። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የቆመ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ካየ በላዩ የተዘረጋውን ገመድ ስቦ ሥራው እንዲቆም ማድረግ ይችል ነበር፤ ይህ የቶዮታ አሠራር በብዙ የዓለም ፋብሪካዎች የተኮረጀ ነው። ጋሼ የታይዋኑን ዕቃ አላስገባም ባሉ ጊዜ ያንን ገመድ ነበር የሳቡት፤ ስለ ጃፓኑ ገመድ ሰምተው ሳያውቁ።

ከዚያ በኋላም ዜናው አላባራም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ክሱ ስለ ጉድለቱ ለደንበኞቹ እውነቱን አልነገረም የሚል ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ ከ260 ሺሕ በላይ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ የናፍታ መኪኖች ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የጭሱን ጥቀርሻ የሚያጠራው ማጣሪያ ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲነዱ በደንብ አያቃጥልም ነበር፤ ነጭ ጭስና መጥፎ ሽታ ያወጣ፣ ነዳጅም ይበላ ነበር። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2022 ጉድለቱን አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የናፍታ ሞተር የሚሠራለት እህት ኩባንያ የኃይል ምርመራ ላይ ለማሳመር የተነካካ ውጤት ማቅረቡ ተሰማና አሥር ያህል ሞዴሎች ለጊዜው ከፋብሪካ እንዳይወጡ ተደረገ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ወደ 100 ሺሕ የሚሆኑ ትላልቅ መኪኖች ተጠሩ፤ ሞተራቸው ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት የብረት ብናኝ ውስጡ ቀርቶ ነበር።

በየትኛውም አገር ያሉትን ያዘኑ ባለመኪኖች እረዳቸዋለሁ። የገዙት ብረት ብቻ አልነበረም። አባታቸው የነገራቸውን፣ ጎረቤታቸው የማለላቸውን ቃል ነው የገዙት። ሌላ መኪና ሲበላሽ ሰው ለገንዘቡ ነው የሚያዝነው፤ ቶዮታ ሲበላሽ ግን እንደተካደ ይሰማዋል። ቅሬታቸውን «አንድ ሁለት መኪና ነው» ብሎ ማቃለል ነውር ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ይህንንም ልበል፤ ዛሬም ቶዮታ ከብዙዎቹ ይልቅ ይጸናል። ያስቀየመን ከራሱ ከትናንቱ ልክ መውረዱ ነው።

የእኛም ከተማ ቅሬታ ከዚህ የተለየ መልክ አለው። ከዲኤክስ በኋላ ቪትዝ መጣች፤ ያሪስ መጣች። ብዙዎቹ በዱባይ በኩል የገቡ፣ ሌላ አገር ሌላ ሕይወት የኖሩ ናቸው። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ አለ፤ ተጋጭቶ በስቱኮ የተሸፈነ አለ። ገዢው ስሙን አምኖ ሊብሬውን ይቀበላል። ሲበላሽ የሚገባው ዕቃ ካርቶኑ ብቻ ኦሪጅናል ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የፋብሪካው ጥፋት የቱ ጋ አልቆ የነጋዴው እንደሚጀምር ለመለየት ጋሼን የመሰለ ጆሮ ያስፈልጋል።

ጋሼን ለመጨረሻ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ያየኋቸው የራሴን መኪና ይዤ ሄጄ ነው። ማን እንደሠራት አልናገርም። ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሎ ነበር። ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ሞተሩ በሰፊ ጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ሽቦ በሽቦ ነው፤ መሬት አይታይም። ጋሼ ካቻቢቴውን ይዘው ትንሽ ቆሙ። የሚያስደግፉበት ቦታ ፈለጉ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «ልጄ፣ ይቺ ኮምፒውተር ትፈልጋለች። እኔ አልሰማትም» አሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ስለ አባቴና ስለ ዲኤክሷ ስናወራ ዋልን።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቤንዚንና ናፍታ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው፤ ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም ይበጅ ይሆናል፤ አልቃወመውም። ዲኤክሶቹ ግን አንድ በአንድ እየሄዱ ናቸው። አንዳንዷ በላሜራ ዋጋ ትሸጣለች፤ አንዳንዷ ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎባት ቆማለች። የእኛዋን አባቴ ካረፈ በኋላ አንድ ወጣት ገዝቷት፣ ቀለሟን ሳይቀይር እስካሁን ይነዳታል። ብርድ ልብሱን እናቴ አልሰጠችውም።

ዲኤክስ በቤታችሁ የነበራችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መካኒካችሁ በሕይወት ካለ በዚህ ሳምንት ሂዱና ጠይቁት። ስሙን፣ ከማን እንደተማረ፣ ስንት ሞተር እንዳዳነ ይንገራችሁ፤ እናንተም ጻፉት። የጃፓኑ መሐንዲስ ስም በየመጽሐፉ ተጽፏል። የእነሱ አልተጻፈም።