ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሙ ከጨመረ ነገ አይበሉ!

ዶዮገና ያሉት እናትዎ የዓይን ሞራቸው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባላቸው እንበል። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ቤቱ እልል ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ሳምንት ነው።

አልፎ አልፎ በዓይን ቆብ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሌንሱ ላይም ሊጣበቅ ይችላል። ኢንዶፍታልማይቲስ ይባላል።

🔴 እየባሰ የሚሄድ ሕመም
🔴 መቅላት፣ የቆብ እብጠት
🔴 ማየት የጀመረ ዓይን መልሶ መደብዘዝ

ወላጆቻችን ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ዝም ይላሉ። ስለዚህ እርስዎ በየቀኑ ይጠይቋቸው። የሚድን ዓይን ቀን በቀን ይሻለዋል እንጂ አይብስበትም።

ከባሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆሳዕናም ይሁን ሌላ ቦታ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ያድርሷቸው። ሕክምናው ዓይን ውስጥ በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ ከፋርማሲ የተገዛ ጠብታ ብቻውን አይበቃም።

ለቤተሰብዎ ሼር ያድርጉ። 🙏