ተመላላሽና አዳሪ

«ልጅ በጡቱ፣ እህል በጥቅምቱ» ሲሉ አባቶች መናገራቸው የሰው ጠባይ የሚታነጸው ገና በሕፃንነቱ መሆኑን ስለ ተረዱት ነው። ስለዚህ ለሰው ከትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው ለማለት እደፍራለሁ።

በጋይንት ተወልዶ በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወዳጄ፣ ስድስት ዓመት የሞላውን ልጁን አዳሪ ትምህርት ቤት ለማስገባት አስቦ ምክር ጠየቀኝ። እርሱ ያሳሰበው የክፍያው ብዛትና የመኝታው ምቾት ነበር። እኔ ግን አባቶቹ በታች ጋይንት፣ በአርብ ገበያና በአካባቢዋ፣ ልጆቻቸውን እንዴት ያስተምሩ እንደ ነበር አስታወስሁት።

ተመላላሽና አዳሪ የሚባለው ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አይደለም። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ በአገራችን የታወቀ ነበር። ሕፃኑ ከእናቱ ቤት ቁርሱን ቀምሶ የኔታ ዘንድ ይሄዳል፤ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው፣ ይኸውም 231ዱን ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌሉን አልፎ ዳዊት ይደግማል። ሲመሽም ወደ እናቱ ይመለሳል። ይህ ተመላላሽ ነው።

ዜማ ወይም ቅኔ የሚሻው ግን ጠና ሲል ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ይወጣል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ የሚመጣው ተማሪ ብዙ ነው፤ ሁለቱም በጋይንት ምድር ይገኛሉ። በሣር ጎጆ ያድራል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ይህ አዳሪ ነው።

ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ረኀቡ፣ የውሻው ንክሻና የአለንጋው ምታት ብዙ ልጆችን አስመርሯል፤ ሴቶች ልጆችም ከትምህርቱ የደረሳቸው እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ጥበብ ነበረው፤ ብዙውን ጊዜ ታናሹን ከእናቱ ሳይለይ አስተምሮ፣ ከቤት መውጣትን ለጠናው ያቆይ ነበር። የጠናውም ቢሆን ማን እንዳበላው ያውቃል፤ እንጀራውን የሰጠችውን ባልቴት በዓይኑ አይቷታልና።

ወዳጄም ይህን ሰምቶ፣ «እኔና ባለቤቴ ከጧት እስከ ማታ በሥራ ላይ ነን። ማታ ስገባ ልጄን ተኝቶ ነው የማገኘው። አዳሪ ቢሆን የሚጐድልበት ምንድን ነው?» አለኝ። ነገሩ እውነት ስለ ነበረ ለጊዜው ዝም አልሁ። ኋላ ግን፣ «እንግዲያውስ የጐደለው ትምህርት ቤት ሳይሆን አንተ ነህ፤ ይህን ደግሞ በክፍያ አትሞላውም። ከሥራህ አንዲት ሰዓት ቀንስና ፊደሉን አንተው አስቆጥረው» ብዬ መለስሁለት። ቃሌ አልጣመውም፤ ነገር ግን አልተቈጣኝም።

ወላጅ ለሌለው ወይም ትምህርት ቤት ለራቀበት ሕፃን አዳሪ ቤት በጎ መጠጊያ ነው። ሆኖም በዚያ የሚያድሩት ሕፃናት ሌሊት ሲያለቅሱ የሚሰማቸው፣ ሲታመሙ የሚያስታምማቸው፣ በየስማቸው የሚጠራቸው ሰው ሊኖር ይገባል። አልጋና ወጥ ብቻ ያለው ቤት ማደሪያ እንጂ ማሳደጊያ አይባልም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተም ተመላላሽ ብትሆን ወይም አዳሪ፣ ምሳህ ከአንድ ሰው ላብ የመጣ መሆኑን አትርሳ። የቆሎ ተማሪው የሚያበላውን ደጅ ቆሞ ያየው ነበር፤ አንተ ግን ባታየውም ፈልገህ እወቀው። ነገም ወላጅ ስትሆን፣ ለልጅህ ትምህርት ቤት ከመምረጥህ አስቀድሞ ማታ ማታ እቤት የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ።