ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ

ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ሲወርድ ያየ ሰው ሁሉ «ሀክ ልታደርግ ነው እንዴ?» ይለኛል። ፊልም አበላሽቶናል! ለኔ ግን ከሙያው ዕቃዎች ሁሉ ለሀገራችን ኔትወርክ የሚስማማው ይኸው ጥቁር መስኮት ነው። ይህን አጥብቄ ያመንኩት ኮሶዬ ላይ ነው።

ኮሶዬን ላላያችሁ የአዲስ አበባ ልጆች፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ገደል አፍ ላይ ትቆማላችሁ። ከሥራችሁ ቆላው ተዘርግቷል፣ ጭላዳዎቹ ሣር ይነጫሉ፣ ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣሁ ስልኬ ጮኸ። ስሙን የማልጠራው ጤና ተቋም ካርድ ክፍል የምትሠራ እህት ናት።

«ወንድምዓለም፣ ሲስተሙ ሞተ! ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፏል፤ የታመመ ሕፃን ያዘሉ አሉ። ካርድ ካልወጣ ሐኪም ጋ አይገቡም።»

«እታለም፣ ጭራሽ አይከፍትም ወይስ ይዘገያል?»

«ስም ስፈልግ ነው የሚደርቀው። አዲስ በሽተኛ ግን ይመዘግባል።»

ይህቺ መልስ ወርቅ ናት። አለቆቹማ «ሰርቨሩ አርጅቷል» ብለው ፈርደው፣ አዲስ ለመግዛት ጨረታ ሊያወጡ ነበር።

ላፕቶፔን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኘሁ። ኔትወርኩ አንድ መስመር! ሥዕል የሚልክ ፕሮግራም ቢሆን እስከ ማታ አይከፈትም፤ ጽሑፍ ግን ቀላል ስለሆነ ያልፋል። መጀመሪያ ቪኤምስታት፦ ሜሞሪ ተርፏል፣ ፕሮሰሰሩ ግን እስከ ጉሮሮው ተይዟል። ቀጥሎ ማይቶፕ። (ጄረሚ ዛዎድኒ በፐርል የጻፈው ነጻ መሣሪያ ነው፤ ማይኤስኪውኤል ውስጥ በዚያች ቅጽበት ማን ምን እየጠየቀ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ያሳያል።) አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደርድሮ አገኘሁ፤ የአባት ስም ፍለጋ፣ እያንዳንዱ ከ40 ሰከንድ በላይ። መልስ ሲዘገይባቸው ደጋግመው ይጫናሉ፣ ወረፋውም ይብሳል። የተደራረቡትን ገደልኳቸው (ትእዛዙ ራሱ «ኪል» ነው የሚባለው)፣ እሷንም «ለዛሬ በካርድ ቁጥር ብቻ ፈልጊ» አልኳት። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ከዚያ ጥያቄውን በኤክስፕሌን መረመርኩት። ኢንዴክስ አይጠቀምም፤ መዝገቡን ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ይገልጣል። ለምን ብትሉ፣ አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ ይላል፣ ሌላው ሃይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ይህን አውቆ፣ «የመጀመሪያው ፊደል ምንም ይሁን፣ ቀጥሎ ይሉ» ተብሎ እንዲፈለግ አደረገ። ብልህ ነው፤ አልወቅሰውም። ግን ኢንዴክስ እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ የመጀመሪያ ፊደሉን ካልነገራችሁት የትኛውን ገጽ ይክፈት? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየብቻ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ለኮምፒውተሩ ባዕዳን ናቸው፤ ዝምድናቸውን የምናውቀው እኛ ነን።

ሰኞ አንድ ዓምድ ጨመርን። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ጎኑ ላይ ግን ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ተለውጠው ይጻፋሉ፣ ኢንዴክሱም እዚያ ላይ ነው። የሚፈለገውም ስም እንዲሁ ተለውጦ ይገባል። ፍለጋው ከአንድ ሰከንድ በታች ወረደ፣ ጨረታውም ቀረ። ያልተፈታው ወልደሚካኤልን አጣብቆ የሚጽፈውና ወልደ ሚካኤል ብሎ የሚለያየው ነው፤ ለሱ እታለም በየሳምንቱ ትደውላለች።