እንግሊዝኛ በገጠር ቤት የለውም

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚያድግ ልጅ አማርኛን ቤትም፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሰማዋል። እንግሊዝኛን የሚያገኘው ግን ክፍል ውስጥ፣ ያውም በአንዲት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ደወሉ ሲደወል ቋንቋውም አብሮ ያበቃል።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ስንቁ ያቺው ክፍለ ጊዜ ናት።

ታዲያ በምን ታልፋለች? አብዛኛውን ጊዜ ስለ እንግሊዝኛ በማውራት። መምህሩ የ«ፕሬዘንት ፐርፌክት»ን ቀመር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያብራራል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ቀመሩን የሸመደደው ልጅ «ትናንት ወፍጮ ቤት ሄድኩ» ብለህ ጻፍ ሲባል ግን እጁ ይያዛል።

ይህ ስንፍና አይደለም። በአማርኛ «ሸጠች» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ያለ «ሺ» አይቆምም። «ልጅቷ በርበሬ ሸጠች» ሲባል ግሱ መጨረሻ ይቀመጣል፤ «ዘ ገርል ሶልድ ፔፐር» ሲባል ወደ መሀል ይገባል፣ «ቷ»ም «ዘ» ሆና ወደ ፊት ትዞራለች። አራት ነጥብ የለመደ እጅ በአንድ ነጥብ መዝጋት አለበት። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ቡሬ» በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ይህ ሁሉ በማብራሪያ አይለመድም፤ ደጋግሞ በመጻፍ እንጂ።

ዋጋው የሚታየው ፈተና ላይ ነው። የፎቶሲንተሲስን ሂደት የሚያውቅ ተማሪ ጥያቄው ውስጥ ያለችውን «ኤክሴፕት» ካላወቃት ትክክለኛውን መልስ ትቶ ሌላውን ያጠቁራል። በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሆኖም ጥያቄው ያልገባው ልጅ እውቀቱ ተለካ ማለት አይቻልም።

በዚያው ዓመት ማብቂያ በክልሉ ግጭት ተቀስቅሶ በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አማርኛ ልጁን ቤት ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛ ግን የሚጠብቅበት ቤት የለውም። ልጁ ሲመለስ የሚጀምረው ካቆመበት ሳይሆን ከዚያ በታች ነው።

መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ እሱም የተማረው በዚሁ መንገድ ነው። መፍትሔው ግን መብራትም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ልጁ በየቀኑ ስለ ራሱ ኑሮ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ገበያው፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ስልሳ ደብተር ለአንድ መምህር ከባድ ነውና ተማሪዎች ደብተር ተለዋውጠው በቀን አንድ ነገር ብቻ ይተራረሙ፦ ዛሬ ነጥቡን፣ ነገ ትልቁን ፊደል፣ ከነገ ወዲያ ግሱን። ደብተሩ ወደ ቤት ሲሄድ እንግሊዝኛም አብሮ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ እንኳ ልጁ የሚቀጥለው ነገር በእጁ ይኖረዋል።